ምን ይዛ ነው የዘፈነችው?

እትዬ እንጉዳይ መሞታቸውን የሰማሁት ከደሜ ነው። ይኼ ራሱን የቻለ ስድብ ነው። ለዘመድ ሠርግ ወረኢሉ ሰንብቼ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ፣ አውቶብስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ የስልኩን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቶ ቲክቶክ ያያል። የማውቀው ድምፅ ጆሮዬ ገባ። አንገቴን አስግጌ ባይ ደሜ ነው፤ ነጭ ካባ ደርቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «የጥበባችን እናት፣ የእሜቴ ቀዳሚት አገልጋይ፣ ታላቋ እንጉዳይ ወደማይታየው ዓለም ተሻገሩ» እያለ ያለቅሳል። እንባ ግን የለም። ከጀርባው ዋሽንት አስገብቶበታል።

ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠና «ትልቅ ጠንቋይ ነበሩ አሉ» አለኝ።

«አስተማሪ ነበሩ» አልኩት።

«እሱማ መሸፈኛ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አለፈ።

ይችን ጽሑፍ የምጽፈው እንግዲህ ለዚያ ሰውዬና ለመሰሎቹ ነው። እንደማያነቧት አውቃለሁ። ቢያነቧትም መሸፈኛ ነው ይሏታል።

እኔ ጂኦግራፊ ላስተምር መካነ ሰላም ስመደብ እትዬ እንጉዳይ የትምህርት ቤቱ ነባር የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። አጭር ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ርእሰ መምህሩን ሳይቀር «አንተ» የሚሉ። ከክፍል የተረፈ ጊዜያቸውን በሙሉ የሚያጠፉት ሴቶች ሥራ ላይ ሆነው የሚሉትን በመልቀም ነበር። የወፍጮውን፣ የአረሙን፣ የውኃ መንገዱን ዘፈን ይሰበስባሉ። ዱበርቲዎቹ ምጥ የያዛት ሴት ደጅ ተቀምጠው የሚያደርጉትን ዱዓ ይሰበስባሉ። ዱበርቲ የምንላቸው በእኛ አገር ለሰው ጭንቅ ተሰባስበው የሚለምኑትን እናቶች ነው። ከዚያ ቤት ወጥተው ደግሞ የማርያምን ልመና ፍለጋ የክርስቲያኖቹን ደጅ ያንኳኳሉ። መምህራን ክፍል ውስጥ «እንጉዳይ ዛሬ የማንን ጓዳ በርብራ መጣች» እየተባለ ይሳቅ ነበር። የሚስቁት ከመማሪያው መጽሐፍ ውጪ አንድ ገጽ ገልጠው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ስም አልጠራም፣ አንዳንዶቹ ዛሬ ኃላፊዎች ሆነዋል።

ዘፈን ሲሰሙ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «ፊቷን ካየሁ ድምፁ ያመልጠኛል» ይላሉ። ሲያልቅ መልሰው ያጠልቁና የሴትዮዋን እጅ ትኩር ብለው ያያሉ። ከዚያ ያቺ የማትቀር ጥያቄ ትመጣለች፤ «ምን ይዘሽ ነው ይኼን የምትይው?»

አንድ ቀን ልጫወት ብዬ «እትዬ፣ እኔም እኮ አንድ እሹሩሩ አውቃለሁ፤ የእናቴ ነው» አልኩና አንጎራጎርኩላቸው። መነጽር አወለቁ፣ ሰሙ፣ አጠለቁ።

«ምን ይዛ ነበር?»

«ማን?»

«እናትህ ናታ! ይኼን ስትል እጇ ላይ ምን ነበር?»

«ልጅ ነዋ። እኔን።»

«አንተንማ አዝላሃለች። እጇን ነው ያልኩህ።»

አላወቅኩም። መዳፋቸውን ዘርግተው ገለባ እንዳለበት ሁሉ «እፍ» አሉበት። የንቀታቸው ምልክት ይህች ናት፤ ተማሪ የሚፈራቸው ለጩኸታቸው አልነበረም፣ ለዚህች እፍታ ነበር የሚሸማቀቀው። «አዬ ካርታው! የዘፈን ልጣጭ ይዘህ ነው ለካ የምትዞረው» አሉኝ። ጂኦግራፊ ስለማስተምር ካርታው ነበር የሚሉኝ። ክረምት ላይ አገር ቤት ስሄድ እናቴን ጠየቅኋት። እንዝርት ነው አለችኝ፤ እኔን አዝላ ጥጥ ትፈትል ነበር። እውነትም ያ ዜማ መሀል ላይ ቆም የሚልበት ቦታ አለ፤ ክሩን የምትጠቀልልበት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ሆዴ ይባባ ነበር፣ እናቴ ለካ ክር እየጠቀለለች ነው።

አንድ ሰሞን ተመራማሪ ነን የሚሉ ሰዎች መጥተው እቤታቸው ከረሙ። በሉ፣ ጠጡ፣ የለቀሙትን ሁሉ ቀድተው ሄዱ። ጥናቱ ታትሞ ሲመጣ የእትዬ እንጉዳይ ስም የለበትም፤ «አንዲት የአካባቢው አዛውንት እንዳጫወቱን» ይላል። እትዬ ያኔ ጸጉራቸው እንኳ አልሸበተም። እኔ ስንጨረጨር እሳቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ስሜን መተዋቸውስ ይሁን» አሉ፤ «ምን ይዛ የሚለውንም አንድ በአንድ አውጥተው ጥለውታል። ሴቶቹን እጃቸውን ቆርጠው አፋቸውን ብቻ ነው የወሰዱት።» እፍ አሉበትና የድስት ማውረጃ አደረጉት።

የመከራው ሁሉ መነሻ ግን የባህል ቀን የተባለው ነው። መንገዱ ክፍት በነበረበት ሰሞን፣ እንግዶች ከላይ ይመጣሉ ተብሎ ከተማው ሽር ጉድ አለ። እትዬን «እናቶችን መድረክ ላይ ያቅርቡልን» አሏቸው። እሳቸውም አንዲት የገጠር እናት ከነወተት መናጫ ቅሏ ይዘው መጡ። የመድረክ መሪው ለዕለቱ ያሰፋውን የጥበብ ካባ አንጠልጥሎ ቅሉን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «ይኼ ይቅር፤ ጠቁሯል፣ ለካሜራ አያምርም» አለ። ቅል እንደሚታጠንና ሲታጠን እንደሚጠቁር የነገረው የለም። እትዬ ማብራራት ሊጀምሩ ሲሉ ደግሞ ማይኩን ከእጃቸው ተቀበለና «ሰዓት የለንም፣ ዜማው ይበቃል» አላቸው። ሴትዮዋ ባዶ እጇን፣ እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት፣ እንዲህ አለች፤

ውጪ እሜቴ ውጪ፣ ውጪ እመቤት፣
አንገተ ቀጭኗ፣ ሆደ ሰፊት፣
እንግዳ መጥቶብኝ፣ እንዳልቀር በሐፍረት፤
ድምፅሽ ሲለወጥ ነው፣ የመውጣትሽ ምልክት።

ወተት የገፋች ሴት ሁሉ ይኼን ታውቀዋለች። እሜቴ የተባለችው ቅቤዋ ናት። በብርድ ጠዋት አልወጣም ብላ ስታስቸግር እንደ ትልቅ ወይዘሮ ትለመናለች። አንገተ ቀጭን፣ ሆደ ሰፊ ቅሉ ነው። እርጎው መጀመሪያ ይንቦጫረቃል፤ ቅቤው ሲይዝ ድምፁ ይወፍራል፣ ያኔ ደረሰ ማለት ነው። ሌላ ምንም ነገር የለውም። ግን ቅሉ መድረክ ላይ አልነበረም፣ ማብራሪያውም ተቋርጧል፤ ቪዲዮው ያለ ሁለቱ በየስልኩ ዞረ።

ደሜ የሚባለው ያኔ ነው ብቅ ያለው። ሙሉ ስሙ ደምመላሽ ነው፤ የእትዬ ተማሪ ነበር፣ የእኔም። የስልክ ከቨርና ቻርጀር ይሸጥ ነበር፤ ሱቁ ተዘጋበት። ቪዲዮውን አየና በአንድ ሳምንት ውስጥ «ሊቀ ጥበብ» ሆነ። ዘፈኑን «ጥንታዊ የመንፈስ ማስወጫ» አለው። እሜቴ ማለት ከአምባው ሥር የምትኖር፣ አንገቷ የቀጠነ፣ ሆዷ የሰፋ፣ ቆንጆ ሴት ላይ የምትሰፍር መንፈስ ናት ብሎ ሰበከ። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ የቆርቆሮ አዳራሽ አቆመና ሥዕሏን ከደጁ ሰቀለ። ሥዕሉን ያየ ወተት የገፋ ሰው ቅሏን በአንዴ ይለያታል፤ ዓይንና ቀሚስ ብቻ ነው የጨመረባት። ሕክምናው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሁለት ጎረምሶች በሽተኛውን በትከሻው ይዘው ወደፊት ወደኋላ ይንጡታል፣ ሕዝቡ «ውጪ እሜቴ ውጪ» ይላል፣ የበሽተኛው ድምፅ እስኪለወጥ። ሰው ሲናጥ ሲናጥ መቼም ድምፁ ይዘጋል። ያኔ እልል ይባላል። ከአዲስ አበባ ሳይቀር በመኪና ይመጡ ነበር፤ የተማሩ፣ መነጽር ያደረጉ፣ «ወደ ሥረ መሠረታችን ተመለስን» የሚሉ። እነሱን ሳይ ጎረምሶቹን እንኳ ይቅር ልላቸው ይዳዳኛል።

እትዬ መጀመሪያ ስቀው ነበር። «ይኼ ልጅ ድሮም ያላነበበውን ነው ፈተና ላይ የሚጽፈው» አሉ። በኋላ ግን ድረስ ሄዱበት። ጉልበት ስሞ ተቀበላቸው። ቅቤ ናት ሲሉት አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ ቅቤ ሆና የታየችው ምሥጢሩ ስለተሰወረብዎት ነው» አላቸው። ያስተማረችው ሴት ፊት! ለቄሱም፣ ለሸሁም፣ ለገበያተኛውም ተናገሩ። ቄሱም ሸሁም ሲያወግዙት የከረሙ ናቸው፤ የሚሰማ ጠፋ። ሰዉ ይባስ ብሎ «ታውቃለች፣ ምሥጢር ስለሆነ ነው የምትክደው» ይል ጀመር። እትዬን ያንገበገባቸው ይኼ ነው። «ዱበርቲዎቹ ማንን እንደሚለምኑ ያውቃሉ፣ ለማን እንደሚለምኑም ያውቃሉ» ይሉኝ ነበር፤ «ይኼ እኮ ለመናጫ የሚሰግድ ነው።»

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሞኝ ከሞኝ ጋር ነው፤ ስቀን ልንተወው እንችል ነበር። ከዚያ ግን የሰዓዳ ነገር መጣ።

ሰዓዳ የእትዬ የአጥር ጎረቤት የከድጃ ልጅ ናት። ዐረብ አገር ሄዳ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። አትናገርም፣ አትበላም፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ግድግዳውን ታያለች። ከድጃ ጨነቃትና ልጇን ደሜ ዘንድ ወሰደቻት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እሜቴ የምትወጣው ድምፅ ሲለወጥ ነው፣ ሰዓዳ ደግሞ ድምፅ የላትም። ስለዚህ መናጡ አያልቅም። በየቀኑ ይንጧታል፤ ትከሻዋ ጠቆረ፣ አንገቷ እንደ ሕፃን አንገት መቆም አቃተው፣ ውኃ እንኳ መዋጥ ተሳናት።

እትዬ ከድጃን ጠርተው «ልጅሽ እየሞተችብሽ ነው፤ ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል ውሰጃት» አሏት።

«እትዬ፣ እኔስ መች ጠላሁ፤ ወላሂ ልቤ ይፈራል» አለች ከድጃ። «እሜቴ ሳትወጣ መርፌ ከነካት ይዛት ትሄዳለች ብሎኛል። ያ ረቢ፣ በየት በኩል ልሂድ?»

«ቅቤ ናት አልኩሽ እኮ! አንቺ ራስሽ ስትገፊ ትዪው የለ?»

«እሱስ እላለሁ። ግን ምን አውቅልዎ፣ ስንጠራት ኖረን ይሆናል።»

እትዬ እፍ ሊሉ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ የከድጃን ፊት አዩና ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። እርጎ የሞላ ቅል አስታቅፈውኝ «ና ካርታው፣ ዛሬ ማብራሪያውን እጨርሳለሁ» አሉ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሰዓዳን መሀል አስቀምጠዋታል። ደሜ እትዬን ሲያይ «ታላቋ መጡ!» ብሎ ማይክ አቀበላቸው። አልነኩትም። ከሰዓዳ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ ቅሉን ጭናቸው ላይ አጋደሙና መግፋት ጀመሩ፤ ያንኑ ዘፈን እያሉ። እርጎው ተንቦጫረቀ። እየቆየ ድምፁ ወፈረ። እትዬ ክዳኑን ነቅለው እጃቸውን ሰደዱና አንድ እፍኝ ነጭ ቅቤ አውጥተው ከፍ አደረጉ።

«ይችውላችሁ እሜቴ!» አሉ። «አያችኋት? ቅቤ ናት። ድሮም ቅቤ ነበረች። ሂዱና ቤታችሁ ግቡ።»

እኔ ሳቅ ጠብቄ ነበር። ከወደኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። «ወደ ቅሉ ገባች! ይዘው አወጧት!» አዳራሹ ተደበላለቀ፤ ሰዉ በጉልበቱ ወደቀ፣ እጁን ወደ ቅቤው ዘረጋ። ደሜ ደነገጠ፤ ግን ነጋዴ ነው፣ ቶሎ ነቃ፤ ቀድሞ ተንበረከከና «እሜቴ አካል ለበሰች!» ብሎ ጮኸ። ስልኮቹ ሁሉ ተቀስረው ይቀርጻሉ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የእትዬ ፊት ንቀት የሞላበት ፊት አላየሁም። ይኼን ሁሉ ተንበርካኪ በአንድ እፍታ የሚያጠፉት መሰለኝ። ከዚያ ዓይናቸው ከድጃ ላይ አረፈ። እሷም ተንበርክካለች፤ እንደ ሌሎቹ ቅቤውን ሳይሆን እሳቸውን ነው የምታየው። ሰዓዳን አዩ። የሰዓዳን እጆች አዩ፤ ጭኗ ላይ ተጥለዋል፣ ምንም አልያዙም። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁና ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ ተናገሩ።

«እሜቴ ወጥታለች» አሉ። «ስትወጣም ትእዛዝ ሰጥታለች። ይች ልጅ ዛሬውኑ ደሴ ሆስፒታል ትግባ። መርፌውንም ኪኒኑንም እሜቴ ፈቅዳለች። የሐኪሙን ቃል ያፈረሰ የእሜቴን ቃል አፈረሰ። ከዛሬ ወዲያ እጁን ትከሻዋ ላይ ያሳረፈ ወዮለት።»

ቅቤውን የሰዓዳ አናት ላይ አደረጉላት። ከድጃ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነሣች። የሚያጓጉዛት መኪና የሰጣቸው ማን መሰላችሁ? ደሜ ራሱ። እምቢ ሊል አይችልም፤ እሜቴ አዛለች።

ስንመለስ ባዶውን ቅል ተሸክሜ ከኋላቸው እሄዳለሁ። «ምን ነካዎት እትዬ?» አልኳቸው።

«ሌላውን ቋንቋ ሞክሬው የለም እንዴ?» አሉኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆሙ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከሴቶቹ ቃል ላይ አንድ ሳልጨምር፣ አንድ ሳልቀንስ ለቀምኩ ካርታው። ዛሬ አንድ ከራሴ ፈጠርኩ። የሚተርፈው እሱ ነው፤ ታያለህ።»

እንዳሉትም ሆነ። ያ ቪዲዮ አገር አዳረሰ። ደጃቸው ላይ ቅቤ መቀበያ ሳህን የያዘ ሰው ይሰለፍ ጀመር። «ገበያ ሂዱና ግዙ!» ብለው ሲያባርሯቸው፣ ስድባቸውን እንደ ምርቃት «አሜን» ብለው ይቀበሉና ይሄዳሉ። ይኼን ሁሉ ችለውታል። ያልቻሉት የወፍጮ ቤቱን ነው። እሳቸው ብቅ ሲሉ ሴቶቹ መዝፈናቸውን ያቆማሉ፤ የማይሆን ቃል ብናወጣ እሜቴ ትሰማናለች ብለው ፈሩ። ለለቀማዋ ደመወዝ የማይከፈላት፣ ስሟ የማይጻፍላት ሴት የነበራት ሀብት የሴቶቹ አለመፍራት ብቻ ነበር። እሱንም ወሰዱባት። ይኼን ያደረጉት ጠላቶቿ ቢሆኑ ደግ ነበር፤ ያደረጉት ግን አምላኪዎቿ ናቸው።

ሰዓዳ ከደሴ ስትመለስ ወዲያው ድና አልነበረም። መድኃኒቷን እየወሰደች፣ ለቀጠሮ እየተመላለሰች፣ ቀስ በቀስ ነው ሰው የሆነችው። ጠዋት ጠዋት የእናቷን ቅል ይዛ እትዬ ግቢ ትመጣና ትገፋ ነበር፤ መጀመሪያ ዝም ብላ፣ በኋላ እያንጎራጎረች። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ይሰሟታል። እሳቸው ፊት የምትዘፍን ሴት እሷ ብቻ ቀርታ ነበር።

እኔ ከወረኢሉ ስደርስ ቀብሩ ተፈጽሞ ሰዉ ድንኳን ገብቷል። ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። ተቀምጬ ትንፋሼን ሳልሰበስብ ደሜ ካባውን ደርቦ፣ ድምፅ ማጉያ አሸክሞ፣ ካሜራውን አስከትሎ ገባ። ሽማግሌዎቹ በይሉኝታ አንገታቸውን ደፉ፤ ይሉኝታችን ስንት ሌባ እንዳሳደገ እግዜር ይወቀው። መሀል ላይ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። «ታላቋን የምንሸኘው በገዛ ቃላቸው ነው» አለ። ጀመረም፤ «ውጪ እሜቴ ውጪ፣ ውጪ እመቤት...»

«ደምመላሽ!»

ከሴቶቹ መሀል ሰዓዳ ቆማለች። ማዕረግ የለ፣ ምን የለ፣ ጥርት ያለ ስሙን ነው የጠራችው። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ድምፅዋን ሰምቶት አያውቅም።

«ይኼን ስትል ምን ይዘህ ነው?»

«እ?»

«እጅህ ላይ ምን ይዘሃል?»

የእትዬ ተማሪ የነበረ ሰው ይኼን ጥያቄ ሲሰማ የሚያደርገው ነገር አለ፤ እጁን ያያል። ደሜም ሳያስበው ወደ እጁ አየ። ባዶ እጁን የተያዘ ተማሪ ሆነ።

«ማይክ» አለ።

ቃሉ በድምፅ ማጉያው ድንኳኑን ሞላው። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ አላስቻላትም፣ አመለጣት። ከጎኗ ያለችው ተከተለች። ለቅሶ ቤት መሆኑን እያወቅን፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሳቁ ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ ተሻገረ፤ ቄሱ ጺማቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ደሜ ፊቱ ቀልቶ ዘፈኑን ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ ከጉሮሮው የወጣው ሌላ ድምፅ ነበር፤ የቀጠነ፣ የተሰነጠቀ።

ያቺ አሮጊት ዕንባዋን እየጠረገች ከማዕዘኑ ጮኸች፤ «ድምፁ ተለወጠ! በሉ ይውጣ!»

ወጣ።